«ኮች፣ ስንተኛ ነን?»

ወላይታ ሶዶ ውስጥ የልጆች ኳስ አይቶ የማያውቅ ሰው ካለ ቅዳሜ ጠዋት ወደ አንዱ ሜዳ ብቅ ይበል። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ነፍቶ ሳይጨርስ ማሊያው ጉልበቱ ድረስ የወረደ አንድ ልጅ እያለከለከ ይመጣና «ኮች፣ ስንተኛ ነን?» ይላል። ስንት ለስንት እንደተለያዩ እሱ ጠንቅቆ ያውቃል። ጎሎቹን ከነአግቢዎቻቸው፣ የተሻረችውን ጭምር፣ በቃሉ ይዟል። የጠፋበት ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ የት ላይ እንደቆመ ነው።

ሙያዬ የስፖርት መምህርነት ነው። ከሥራ ሰዓት ውጭ የሰፈር ፕሮጀክት ልጆች አሠለጥናለሁ። የሚጽፍ ሰው ስለጠፋም የቅዳሜውን ውድድር የደረጃ ሠንጠረዥ የምይዘው እኔ ነኝ። ስለዚህ የማንም ቡድን ልጅ ቢሆን ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እኔ ዘንድ ይመጣል። በዚህ ጥያቄ የተነሣ እኛ አሠልጣኞች ጀበና ከበን ስንከራከር ብዙ ቡና ቀዝቅዞብናል። አንዱ ወገን «ሠንጠረዥ የሌለው ኳስ ቀልድ ነው፤ ልጅ የሚለፋው ደረጃ ሲያይ ነው» ይላል። ሌላው ወገን «የዐሥር ዓመት ልጅን አንደኛና መጨረሻ ብሎ መለየት ነውር ነው፤ ይቅር» ይላል። እኔ ከሁለቱም ጋር አልስማማም። ሁለቱም የዘለሉት አንድ ጥያቄ አለ፤ ሠንጠረዡ የሚያከፋፍለው ምንድን ነው?

አዋቂዎቹ ዘንድ መልሱ ግልጽ ነው። በፕሪሚየር ሊጉ አንደኛ የወጣ ክለብ አፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ይገባል፤ ግርጌ የቀረ ይወርዳል። አገራትም እርስ በርስ ደረጃ አላቸው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በክለቦቻቸው የአምስት ዓመት ውጤት መሠረት ከ1 እስከ 12 ለወጡት አገራት በሻምፒዮንስ ሊጉና በኮንፌዴሬሽን ካፑ ሁለት ሁለት ቦታ ሲሰጥ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ ለቀሩት አንድ አንድ ይሰጣል። የእኛው ወላይታ ድቻ ታሪክም በዚህች አንዲት ቦታ ያለፈ ነው። በ2001 ዓ.ም. ተመሥርቶ በ2006 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን የተቀላቀለው ክለብ በ2009 ዓ.ም. የጥሎ ማለፍ ዋንጫውን ሲያነሣ አገሪቱ በኮንፌዴሬሽን ካፕ ያላት ብቸኛ ቦታ የእሱ ሆነች። በ2010 ዓ.ም. የዛንዚባሩን ዚማሞቶን አለፈ። ቀጥሎ የመጣው አምስት ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮን የሆነው ዛማሌክ ነበር። ድቻ ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸነፈ፣ መጋቢት ላይ ካይሮ ሄዶ 2 ለ 1 ተሸነፈ፣ በመለያ ምት ግን 4 ለ 3 አሸንፎ ግብፃውያኑን ከውድድሩ አስወጣ። በሚቀጥለው ዙር የታንዛኒያው ያንግ አፍሪካንስ ቢጥለውም «የጦና ንቦች» የሚለው ቅጽል ስም ከዚያ በኋላ በየሕፃኑ አፍ ገባ። እኔ የማሠለጥናቸው ልጆች ብዙዎቹ ያን ጨዋታ አላዩትም፤ ሲተርኩት ግን ሜዳ ውስጥ የነበሩ ነው የሚመስሉት።

ወደ ልጆቹ ስንመለስ፣ ከ13 ዓመት በታች ያለ ቡድን አንደኛ ቢወጣ አፍሪካ አይሄድም። መጨረሻ ቢወጣ የሚያጣው የቴሌቪዥን ገንዘብ የለም። ዋንጫዋም ብትሆን አሠልጣኙ ቤት ቡፌ ላይ ነው የምትቀመጠው። በዚህ ዕድሜ ሠንጠረዥ በእውነት ሊያከፋፍለው የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተጋጣሚ። ማን ከማን ጋር ቢጫወት ለሁለቱም የሚጠቅም ጨዋታ ይሆናል? ደረጃ ይህን ከመለሰ ሥራውን ሠርቷል። ሌላው ሁሉ የእኛ የትልልቆቹ ክብር ነው።

«ደረጃ ይቅር» ለሚሉት ወዳጆቼ መጀመሪያ የማነሣላቸው የክረምቱን ውድድር ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ በየሰፈሩ ዋንጫ ይዘጋጃል፤ አብዛኛውን ጊዜ በጥሎ ማለፍ። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ሜዳው ጭቃ ነው፣ ዳኛ ውድ ነው፣ ጊዜው አጭር ነው። ግን ሒሳቡን እንየው። 16 ቡድን በጥሎ ማለፍ ሲወዳደር ጠቅላላው ጨዋታ 15 ነው። ከ16ቱ ስምንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫውተው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያውም ቶሎ የሚሰናበቱት ደካሞቹ፣ ማለትም ከሁሉም ይልቅ ጨዋታ የሚያስፈልጋቸው ናቸው። እነዚያኑ 16 ቡድኖች በሁለት ምድብ ከፍለን በአንድ ዙር ብናጫውታቸው እያንዳንዱ ቡድን ሰባት ጨዋታ ያገኛል፤ ጠቅላላው 56 ይሆናል። ልጁ ዛሬ 6 ለ 0 ቢሸነፍ ሳምንት ደግሞ ሌላ ቅዳሜ አለው። ይህን የሚያመጣው ሊግ ነው፤ ሊግ ደግሞ ያለ ሠንጠረዥ አይቆምም። ደረጃን ከነሥሩ እንንቀል የሚል ሰው ሳያስበው የሚመልሰን ወደ ጥሎ ማለፍ ነው።

በቅዳሜው ውድድራችን ያደረግነው ይህንን ነው። ስምንቱ ቡድኖች አንድ ዙር ተጫወቱ፤ ከዚያ ሠንጠረዡን መሐል ላይ ቆረጥነው። ከላይ ያሉት አራቱ እርስ በርስ፣ ከታች ያሉት አራቱም እርስ በርስ ቀጠሉ። በመጀመሪያው ዙር ዘጠኝና ዐሥር ጎል ይገባበት የነበረ ቡድን፣ በአብዛኛው ከከተማው ዳር በእግራቸው የሚመጡ ልጆች፣ ከአቻዎቹ ጋር ሲገናኝ 2 ለ 1 ያሸንፍና 1 ለ 1 ይለያይ ጀመር። በረኛው ለመጀመሪያ ጊዜ ከመረብ ኳስ ማውጣት ትቶ ሥራው ምን እንደሆነ ገባው። ላይኞቹም ቢሆን ተጠቅመዋል። ዘጠኝ ጎል የሚያገባ አጥቂ ከዘጠኙ በአንዱም አይማርም፤ ጠንካራ ተከላካይ ፊቱ ሲቆም ነው ቀና ብሎ ጓደኛውን መፈለግ የሚጀምረው። እኔ ደረጃ የምለው ይህንን ነው።

ከተለመደው ሦስት ነጥብና አንድ ነጥብ የተሻለ ቀመር ለሚፈልግም አለ። የሀንጋሪ ተወላጁ አሜሪካዊ የፊዚክስ መምህር አርፓድ ኤሎ ለቼዝ ተጫዋቾች የሠራውን ስሌት ፊፋ ከ2010 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ለአገራት ደረጃ አስተካክሎ ይጠቀምበታል። ሐሳቡ ከባድ አይደለም። ሁሉም ቡድን ለምሳሌ በ1000 ነጥብ ይጀምራል፤ ሲጫወቱ ከተሸናፊው ተቀንሶ ለአሸናፊው ይጨመራል። ስንት እንደሚጨመር የሚወስነው ግን ከጨዋታው በፊት የነበረው ግምት ነው። እኩል ነጥብ ያላቸው ሁለት ቡድኖች ተገናኝተው አንዱ ቢያሸንፍ 10 ነጥብ ይወስዳል እንበል። ባለ 1200ው ባለ 1000ውን ቢያሸንፍ የሚያገኘው 5 ያህል ብቻ ነው፤ የሚጠበቅ ነበርና። ባለ 1000ው ካሸነፈ ግን 15 ያገኛል፤ አቻ እንኳ ቢወጣ 5 ያህል ይጨመርለታል። ለልጆች ይህ ትልቅ ነገር ነው። ከኃይለኛ ቡድን ጋር አቻ የወጣ ደካማ ቡድን በተለመደው ሠንጠረዥ የሚያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው፤ ከደካማ ጋር አቻ የወጣውም እንደዚያው። በኤሎ ስሌት ግን ያ አቻ እንደ ትንሽ ድል ይቆጠራል፤ ደካማን መጨፍጨፍም ብዙም አያተርፍም። ደብተርና እርሳስ ካለ ይሠራል፤ ስልክ ላይ ደግሞ ካልኩሌተር አለ።

አሁን ደግሞ «ሠንጠረዥ ሁሉ ነገር ነው» ወደሚሉት ልሂድ። እዚህ ላይ ቁጣዬ ትንሽ ከፍ ይላል።

የጎል ክፍያን እንውሰድ። ለአዋቂዎች እኩል ነጥብ ያላቸውን መለያ ነው። ለልጆች ግን 7 ለ 0 እየመራ ያለ አሠልጣኝ ከመስመር ዳር «ገና ነው፣ ጨምር!» ብሎ እንዲጮህ ምክንያት ይሰጠዋል። በሌላ አገር ብዙ የልጆች ውድድሮች ከተወሰነ ልዩነት በላይ ያለውን ጎል አይቆጥሩም። እኛም አምስት ላይ ገደብነው። ከዚያ በኋላ በ5 ለ 0 የሚመራ አሠልጣኝ ያለ ማንም ትእዛዝ ተቀያሪዎቹን ማስገባት ጀመረ። ሕግ ከምክር ይልቅ እንደሚሠራ ያየሁት ያኔ ነው።

ተቀያሪ ካልን ዘንድ አንድ አባት ልጥቀስ። «እባክህ መምህር፣ ልጄን ወደ አንደኛው ቡድን አስገባልኝ» ብለው ለመኑኝ። ልጁ እኔ ዘንድ በየሳምንቱ ሙሉ ጨዋታ ይጫወት ነበር። ሄደ፤ አንደኛ የሚባለውን ቡድን ማሊያ ለበሰ፤ ዓመቱን ሜዳ ዳር ሣር ላይ ተቀምጦ ጨረሰ። ሠንጠረዡ ቡድኑን አንደኛ ነው አለ እንጂ ልጁ ስንት ደቂቃ እንደተጫወተ የሚናገር ዓምድ የለውም። አሜሪካ ያሉ ወላጆችም ከዚህ አልዳኑም። እዚያ እንደ ጎትሶከር ያሉ ድርጅቶች የልጆች ቡድኖችን በየውድድሩ ባገኙት ነጥብ በአገር ደረጃ ሲደረድሩ ቆይተዋል። ነጥቡ ከውድድር የሚለቀም ስለሆነ ብዙ ውድድር ለመሄድ አቅም ያለው ቡድን ከፍ የማለት ዕድሉ ሰፊ ነው። ወላጅም ደረጃ እያየ ልጁን ከቡድን ቡድን ያዞራል። እነሱ በአውሮፕላን ትኬት፣ እኛ በሚኒባስ ሒሳብ ይሁን እንጂ በሽታው አንድ ነው።

የሚኒባሱ ነገር ቀልድ አይደለም። ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ፣ ከሁምቦ ቡድን ለማምጣት ስንሞክር መጀመሪያ የሚቸግረው የመኪና ነው። ገንዘብ ያልሞላለት ቡድን ይቀራል፤ ሲቀር ፎርፌ ነው፤ ለተጋጣሚው ሦስት ነጥብና ሦስት ጎል ይመዘገባል። ሁለት ቅዳሜ ከቀረ ግርጌ ይወርዳል። ሠንጠረዡን ያየ ሰው «እነዚህ ኳስ አይችሉም» ይላል። የተለካው ግን ነዳጅ ነው። እኛ አሁን በፎርፌ የተሸነፈውን ጨዋታ በሌላ ቀለም እንጽፈዋለን፤ ሁለት ቡድኖች ሲነጻጸሩም በሜዳ ላይ የተገናኙበት ውጤት ብቻ ይታያል። የሴት ልጆች ቡድን ላይማ ጭራሽ ደረጃ አናወጣም። ሦስት ቡድን ይዞ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማለት ትርጉም የለውም። ከጎረቤታችን ከዱራሜ የወጣችው አጥቂ ሎዛ አበራ ማልታ ድረስ ሄዳ ለቢርኪርካራ ተጫውታለች፤ ልጆቹ ስሟን ያውቃሉ፤ አርአያ አላጡም። የሚያስፈልጋቸው የሚገጥማቸው ቡድን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ዕድሜ ነው። ይህን ጉዳይ ሳያነሣ ስለ ታዳጊ ደረጃ የሚጽፍ ሰው ኢትዮጵያ ውስጥ ኳስ አላየም ማለት ነው። ከ13 ዓመት በታች በሚባል ጨዋታ ላይ ድምፁ የጎረነነ፣ ጢም ያበቀለ ልጅ ኮርና ሲመታ ታያላችሁ። አሠልጣኙን ስትጠይቁት ወረቀት ያሳያችኋል። ወላይታ ውስጥ ከብት ማድለብ የታወቀ ሙያ ነው፤ በሬውን ከስቶ ገዝቶ፣ ወራት ቀልቦ፣ ሰንጋ አድርጎ ያወጣ ሰው ይከበራል። የደለበውን ከገበያ ገዝቶ አምጥቶ «እኔ አደለብኩት» የሚል ሰው ግን ይሳቅበታል። ባደጉ ልጆች ዋንጫ የሚያነሣ አሠልጣኝ ይኸኛው ነው። ምንም አላሳደገም፤ ሠንጠረዡ ግን አንደኛ አሠልጣኝ ይለዋል።

ማጭበርበር ባይኖር እንኳ ችግሩ አይለቅም። ዓለም አቀፉ የዕድሜ መቁረጫ በፈረንጆች ጃንዋሪ 1፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ወይም 23 ነው። ጥር መባቻ ላይ የተወለደውና በተከታዩ ኅዳር የተወለደው በአንድ የዕድሜ እርከን ይሰለፋሉ። በመካከላቸው ዐሥር ወር ገደማ አለ። በ30 ዓመት ዐሥር ወር ምንም አይደለም፤ በ11 ዓመት ግን ጉልበት ነው፣ ቁመት ነው፣ ሩጫ ነው። የካናዳው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሮጀር ባርንስሊ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት፣ በበረዶ ሆኪ ከፍተኛ ደረጃ የደረሱ ተጫዋቾች በዓመቱ መጀመሪያ ወራት የተወለዱት እንደሚበዙ አሳይቷል። ትልቅ የሆነው ልጅ ቀድሞ ይመረጣል፤ ስለተመረጠ ብዙ ይጫወታል፤ ብዙ ስለተጫወተ በእርግጥም ይበልጣል። በእግር ኳስም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገራት ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ደረጃ የሚያሳድድ አሠልጣኝ ይህን ያባብሰዋል። ቅዳሜ የሚያስፈልገው ጎል ስለሆነ ትንሹን፣ ኳስ የሚያውቀውን ልጅ ትቶ ረጅሙን ያሰልፋል።

«ኤምአርአይ ያስነሡዋቸዋ!» የሚሉኝ አሉ። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 ናይጄሪያ ላይ በተካሄደው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ጀምሮ የእጅ አንጓ አጥንት በኤምአርአይ ያስመረምራል። ምርመራው የሚያየው የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ተገጣጥሞ ማለቁን ነው፤ ይህም ከ17 ዓመት በፊት እምብዛም አይሆንም። ስለዚህ 20 የሞላውን «17 አልሞላኝም» ከማለት ይይዘዋል፤ 14 ዓመት የሆነውን ልጅ ከ12ቱ አይለይልንም። ዋጋውን አላነሣውም። እኛ የያዝነው ዘዴ ርካሽ ነው። ልጁ አንደኛ ክፍል ሲገባ ትምህርት ቤቱ የመዘገበውን ዕድሜ እናያለን። ያኔ ስለ ዋንጫ ያሰበ ወላጅ ስለሌለ ከሌላው ወረቀት ሁሉ የተሻለ ሐቀኛ ነው።

የበለጸጉት አገራት ደግሞ ሠንጠረዥ የሚጀምርበትን ዕድሜ ራሱን ገፍተውታል። ኖርዌይ በልጆች ስፖርት ደንቧ ልጁ 11 ዓመት የሚሞላበት ዓመት ሳይደርስ የውጤትና የደረጃ ዝርዝር እንዳይወጣ ትከለክላለች። እንግሊዝም እስከ ከ11 ዓመት በታች እርከን ድረስ የሊግ ሠንጠረዥ አታወጣም። ጀርመን ከ2024/25 የውድድር ዓመት ጀምሮ ለትንንሾቹ ሊጉን ትታ በጠባብ ሜዳ ላይ በጥቂት ልጆች የሚደረጉ ብዙ አጫጭር ጨዋታዎችን አስገድዳለች። ኤርሊንግ ሃላንድና ማርቲን ኦዴጋርድ ያደጉት በዚያ የኖርዌይ ደንብ ሥር ነው። ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ኖርዌይ ሰው ሠራሽ ሜዳም ገንዘብም አላት። ደግሞ ሠንጠረዥ ስለተደበቀ ልጁ ጎል መቁጠር አይተውም። ግን «ደረጃ ያላየ ልጅ አይለፋም» የሚለው ክርክር ሃላንድ ፊት ሲቆም ትንሽ ይሳሳል።

እኛም ከ11 ዓመት በታች ላሉት ውጤቱን ደብተር ላይ እንይዛለን፤ ተጋጣሚ የምንመድበውም በእሱ ነው። ሜዳው አጥር ላይ ግን አንለጥፈውም። ከዚያ በላይ ላሉት እንለጥፋለን፤ ከጎኑም እያንዳንዱ ቡድን ካስመዘገባቸው ልጆች ስንቱን እንዳሰለፈ የሚያሳይ ዓምድ ጨምረናል። አንዳንድ አሠልጣኞች ያን ዓምድ አይወዱትም። ወላጆች ግን ከነጥቡ ይልቅ እሱን ቆመው ማንበብ ጀምረዋል።

የዘንድሮን የክረምት ዋንጫ ለምታዘጋጁ ሁሉ ልመናዬ ይህ ነው፤ ጥሎ ማለፉን ትታችሁ በምድብ አጫውቱ፤ ከዋንጫው ገንዘብ ቀንሳችሁ ለሩቁ ቡድን መኪና ክፈሉ። ለወላጆችም አለኝ። የልደት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ያኔ የተወለዱ ልጆች አሁን ዕድሜያቸው ዐሥር ዓመት ዙሪያ ነው፤ በትክክለኛ የልደት ወረቀት ሊሰለፍ የሚችለው የመጀመሪያው ትውልድ ገና ሜዳ እየገባ ነው። በቤታችሁ ሕፃን ከተወለደ ሕጉ የሰጣችሁ ጊዜ 90 ቀን ነው፤ ሳያልፍ ቀበሌ ሄዳችሁ አስመዝግቡት።